የሰረቀውና የፋቀው፦ የአማርኛ መጻሕፍትን በድረ ገጽ ስለ ማደል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ ገጽ አንድ ጥግ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ከፍቼ ነበር። ከገበያ የጠፉ የአማርኛ መጻሕፍትን ወዳጆቼ ገጽ በገጽ ስካን እያደረጉ ይልኩልኛል፤ እኔም በፒዲኤፍ አሰናድቼ የፈለገ ሁሉ እንዲያወርዳቸው አስቀምጣለሁ። በጎ ሥራ እንደምሠራ ለቅጽበት እንኳ አልተጠራጠርሁም። አንድ ቀን ግን ከማላውቃት ሴት አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ካወጣኋቸው መጻሕፍት አንዱ የአባቷ መሆኑን፣ አባቷም በጡረታ ገንዘባቸው አሳትመውት እምብዛም ሳይሸጥላቸው እንደ ሞቱ ከነገረችኝ በኋላ፣ «እንዲያወርዱት አልጠይቅዎትም፤ የአባቴ ስም ለምን እንደ ጠፋ ግን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል» ትላለች።

ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። የርእሱ ገጽ የለም። የመታሰቢያውና የምስጋናው ገጽም የለም። በየገጹ ግርጌ ግን መጽሐፉን በመጀመሪያ ስካን ያደረገው የሌላ ድረ ገጽ አድራሻ በቀይ ቀለም ሰፍሯል፤ ከሥሩ ደግሞ እኔ ራሴ የጨመርሁት የዚህ ገጽ ስም አለ። ከሁለት መቶ በላይ በሆኑ ገጾች ላይ የሁለት አዳዮች ስም ሲመላለስ የደራሲው ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። በመደርደሪያዬ ዝርዝርም የመዘገብሁት በርእሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ሕጉንም ታሪኩንም ሳገላብጥ ቆይቻለሁ። አንባቢያን ሆይ፣ ካገኘሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር ያልሁት ካልሆነ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

በብራናው ዘመን መጽሐፍ መገልበጥ ጽድቅ እንጂ በደል አልነበረም። ለመገልበጥ የደራሲውን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ደራሲው ማን እንደ ሆነም አይታወቅም። ቁም ጸሐፊው ከአንዱ ደብር የተዋሰውን ለሌላው ይጽፋል፤ አጻፊው የብራናውን፣ የቀለሙንና የጸሐፊውን ቀለብ ወጪ ይችላል፤ ስለዚህም ስሙ በጸሎቱ መካከል ይገባለታል። አንድ ቅጂ በተጨመረ ቁጥር መጽሐፉ ከእሳት፣ ከዝናብ፣ ከአይጥና ከወራሪ የሚተርፍበት ዕድል ይሰፋል። ዛሬ ከእጃችን ያሉት የግእዝ ድርሳናት ሁሉ እዚህ የደረሱት አንዱ ከሌላው ስለ ገለበጠ ነው።

ይሁን እንጂ ያው የብራና መጽሐፍ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠሉ ላይ ውግዘት ይዞ ይገኛል። ቃሉ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ጥቂት ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። ልብ በሉ፤ የገለበጠው አይልም። ሌባው መጽሐፉን ይወስዳል። ፋቂው ግን መጽሐፉን ባለበት ትቶ በውስጡ ያለውን ስም ይወስዳል። ውግዘቱ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። የአጻፊው ስም በቢላዋ ተፍቆ፣ በቦታው የሌላ ሰው ስም በሌላ ቀለምና በተጣበበ ፊደል የገባባቸው ብራናዎች በየቤተ መጻሕፍቱ ሞልተዋል። መጽሐፉን የገዛው ሰው ጸሎቱም አብሮ የተሸጠለት መስሎት ይሆናል። እኔም የዚህን ገጽ ስም በሟቹ ሽማግሌ መጽሐፍ ግርጌ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ሳትም ከዚያ የተለየ ምን ሠራሁ?

ከዚሁ ወግ በጎ ምሳሌም አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም በ1936 ሲያርፉ ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ። አለቃ ደስታ አዘጋጅተው በ1948 ሲያሳትሙት መጽሐፉ የወጣው በመምህራቸው ስም ነው። ማን ይከስሳቸው ነበር? ከባሪያቸው ጋር የሚከራከር ወራሽ፣ የሚያስገድድ ዳኛ አልነበረም። አደራ ስለ ነበር ብቻ ስሙን ጠበቁት። እሳቸውም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በራሳቸው ስም በ1962 አወጡ።

የማተሚያ መኪና ሲመጣ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪኩን በ1900 ሮም ላይ ሲያሳትም በአገር ቤት ይህን የሚሠራ ድርጅት ገና አልተስፋፋም ነበር። ብርሃንና ሰላም በ1914 ከተቋቋመ በኋላ ግን አንድ ድርሰት በብዙ ቅጂ እየወጣ በገንዘብ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ዕቃ ከሆነ ደግሞ ባለቤት ያስፈልገዋል። ይህን ጥያቄ በሰፊው የመለሰው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከቁጥር 1647 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤቱ አመንጪው መሆኑን ይደነግጋሉ።

በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ዳሩ ግን ደራሲውን ከባለ ማተሚያ ቤትና ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ ሕግ ከራሱ ከመንግሥት የሚጠብቀው ካልሆነ ምን ይፈይዳል? የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ታትሞ ወዲያው ተከለከለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 በመንግሥቱ በራሱ አሳታሚ በኩራዝ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ያን መጽሐፍ እስከ ሥርዓቱ ውድቀት ድረስ ያቆየው ማነው? የሕግ አንቀጽ አይደለም። ደፍሮ የደበቀው፣ በእጁ የገለበጠው፣ በድብቅ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለወዳጁ ያቀበለው አንባቢ ነው። በሕግ ቋንቋ ያ አንባቢ ያለ ፈቃድ ያባዛ ሰው ነው። በታሪክ ፊት ግን የቁም ጸሐፊው ልጅ ነው። ስለዚህ «ያለ ፈቃድ የገለበጠ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለውን ስብከት ከማንም ብሰማ አልቀበለውም።

ሆኖም በዚህ ምሳሌ ስንቶቻችን እንደምንነግድበት አውቃለሁ። «ኦሮማይ»ን የገለበጠው ሰው እስር ቤት ያስገባው ነበር። ትናንት የወጣ የወጣት ደራሲ መጽሐፍ ሳምንት ሳይሞላው በቴሌግራም የሚለቅቀው ግን ምን አስፈራው? መጽሐፉ አልተከለከለም፤ መደብር ውስጥ አለ፤ የጎደለው ዋጋውን የመክፈል ፈቃድ ብቻ ነው። በአገራችን አብዛኛው ደራሲ የማሳተሚያውን ወጪ የሚከፍለው ከኪሱ ወይም በብድር ነው። የወረቀት ዋጋ የት እንደ ደረሰ የምታውቁት ነው። የመጀመሪያው እትም ካልተሸጠ ሁለተኛ መጽሐፍ የለም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጸናል። አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያነሣ ይፈቀድለታል፤ በድረ ገጽ ላይ ለዓለም ሁሉ መዘርጋት ግን የግል ጥቅም ሊባል አይችልም። አዋጅና ደንብን የመሰለ የመንግሥት የሕግ ጽሑፍ ከጥበቃው ውጭ ስለ ሆነ ነጋሪት ጋዜጣን ማንም ቢያድል አይጠየቅም።

ይህን ይዤ መደርደሪያዬን መቁጠር ጀመርሁ። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው መጽሐፉ ከታተመበት ሳይሆን ደራሲው ከሞተበት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ነው፤ ከየትኛውም ብንነሣ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ለንደን ላይ የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ግን የተርጓሚው ሥራ ነውና ሌላ ነገር ነው። በአዲስ እትም ላይ የተጨመረ መግቢያና ማብራሪያም እንዲሁ የጸሐፊው ነው። አለቃ ታየ በ1916፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 በስደት እንዳሉ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1939፣ አፈወርቅ በ1940 አርፈዋል። የእነዚህ ሁሉ ሥራ ዛሬ የሕዝብ ሀብት ነው። እነዚህን ማደል መብት ብቻ ሳይሆን፣ ቤተ መጻሕፍት ርቆት ለሚማር ልጅ የሚከፈል ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ ዘመን ስንጠጋ ግን መደርደሪያው ይራቆታል። አቤ ጉበኛ የሞተው በ1972 ስለ ሆነ «አልወለድም» እስከ 2022 ድረስ የወራሾቹ ነው። መጽሐፉ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታልና «አሮጌ ነው፣ ነጻ ነው» ብዬ አውጥቼው ነበር፤ አውርጄዋለሁ። የመንግሥቱ ለማ እስከ 2030፣ የከበደ ሚካኤል እስከ 2041 ይዘልቃል።

በበዓሉ ግርማ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ከሞት ጀምሮ 50 ዓመት ይቆጠር ይላል ሕጉ። ከየትኛው ሞት? የት እንደ ደረሰ የሚያውቁት አልተናገሩም፤ መቃብሩ አይታወቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ድምፁ ለጠፋ ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ያ መንገድ የተበጀው ግን መንገድ ሄዶ ለቀረ ነጋዴ እንጂ መንግሥት ራሱ ለሰወረው ደራሲ አይመስልም። ከ1976 ከቆጠርን 2026 ነው። አንድ ሥርዓት ሰውን ሲሰውር የሞቱን ቀን ለቤተሰቡ ይነሣል፤ ከቀኑ ጋር ደግሞ የመብቱን መነሻ። ይህን ያሰበ የሕግ አርቃቂ ያለ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ ልሻገር፤ ምክንያቱም በስደት ያለን ብዙዎች ገጾቻችን የተቀመጡት አሜሪካ ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። እዚያ ያለው ነገር ያስደንቃል። አገሮች እርስ በርስ የደራሲዎቻቸውን መብት ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1886 በርን ላይ ስምምነት አድርገዋል። ኢትዮጵያ የ1996ቱን አዋጅ ስታወጣም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚህ ስምምነት ውስጥ አልነበረችም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ከየትኛው አገር ጋር የመብት ግንኙነት እንዳለ የሚዘረዝርበት ሰነድ አለው፤ በዚያ ሰነድ ላይ ኢትዮጵያ ግንኙነት ከሌላቸው ጥቂት አገሮች ተርታ ስትቆጠር ኖራለች። ትርጉሙ ምንድን ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ በአሜሪካ ሕግ ፊት ባለቤት አልነበረውም ማለት ነው። አገር ያወቀው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮት ማንበብ ያልቻለ ሁሉ የሰማው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሳይቀር!

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ፈነደቀ። «ታዲያ ምን አስጨነቀህ፣ ሁሉንም ልቀቀው!» አለኝ። መልሴን እዚህ ልድገመው። በመጀመሪያ፣ ቀዳዳው እሱ እንዳሰበው ሰፊ አይደለም። መጽሐፉ ሲታተም ደራሲው ነዋሪነቱ አሜሪካ ከነበረ፣ ወይም መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው እዚያ ወይም በሌላ የስምምነቱ አባል አገር ከሆነ፣ ሕጉ ይጠብቀዋል። ያልታተመ ጽሑፍ ደግሞ የማንም ዜጋ ቢሆን የተጠበቀ ነው፤ የአንድን ሽማግሌ በታይፕ የተጻፈ የግል ማስታወሻ «ኢትዮጵያዊ ነው» ብሎ መልቀቅ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ለዘለዓለም ክፍት አይሆንም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ነው፤ አባልነቱም የበርንን ዋና ዋና ድንጋጌዎች መቀበልን ያስከትላል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ አንድ አገር በርንን ወይም የንግድ ድርጅቱን ሲቀላቀል በገዛ አገሩ ዘመኑ ያላለፈ ድርሰት ሁሉ በአሜሪካም መብቱ እንዲመለስለት አድርጋለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ሕግ አጽንቶታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጅ 410 በወጣበት በዚያው በ1996 ነው። መብታቸው በአገራቸው እስከ 2046 ይዘልቃል። እንግዲህ ዛሬ በቀዳዳው የሾለከ ነገ ደጅ ላይ ይያዛል።

ሦስተኛው ምክንያቴ የሕግ አይደለም። የገዛ አገራችን ደራሲ በባዕድ አገር ሕግ ፊት ሰው ስላልሆነ ብቻ ሥራውን መውሰድ፣ ያውም በወገኑ እጅ፣ ይከብደኛል።

በፍትሐዊነት ለመናገር ቀዳዳው በእኛም በኩል ነበረ። የእኛ አዋጅ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ዜጋን ወይም ነዋሪን፣ ወይም በኢትዮጵያ የታተመን ሥራ ነው፤ ባዕዱ የሚጠበቀው ኢትዮጵያ የገባችበት ስምምነት ካለ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት የውጭ ድርሰት ያለ ፈቃድ ተተርጉሞ አንብበናል! ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ታላቅ ልብ ወለድ በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ መለሰልን። ለዚያ እስረኛ አትላንታ ላሉት ወራሾች የፈቃድ ደብዳቤ ለምን አልጻፍህም የሚል ካለ ይምጣና ይናገር። ግን ተርጓሚውም የደራሲዋን ስም አልፋቀም።

የቀረው ችግር ወላጅ አልባ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ይሙት ይኑር የማይታወቅ፣ አሳታሚው የፈረሰ፣ ወራሹ የተበተነ። የእኛ አገር መደርደሪያ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ የተሞላ ነው፤ አብዮቱ፣ ስደቱና ጦርነቱ ቤተሰቡን ሁሉ በትኖታል። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ማተሚያ ቤቱን ብቻ ሳይሆን የርእሱንና የጀርባውን ገጽ ሳይቀር አወጣለሁ፤ ጽሑፉን ግን አላወጣም፤ ወራሹን የሚያውቅ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ። ከአሥራ አንድ መጻሕፍት የአራቱን ቤተሰብ እስካሁን አግኝቻለሁ። ሦስቱ በደስታ ፈቀዱ። አንደኛው ልጅ የአባቱን መጽሐፍ እንደገና ሊያሳትም እየተዘጋጀ መሆኑን ነግሮኝ እምቢ አለኝ፤ ልክ ነው። ለማየት ለተሳናቸው ሰዎች በድምፅ የሚዘጋጀው ቅጂ ሌላ መንገድ አለው፤ ኢትዮጵያ ለዚሁ የተደረገውን የማራካሽ ስምምነት በ2013 ተቀብላለች።

በየገጹ የማትመውን የራሴን ስምም አንሥቻለሁ። ወዳጆቼ «ሌሎች ወስደው የራሳቸውን ያትሙበታል» ይሉኛል። ያትሙበት።

ለዚያች ሴት የይቅርታ ደብዳቤ ከጻፍሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ከእናቷ ዘንድ የተረፈው ብቸኛ ቅጂ ላይ የርእሱን፣ የመታሰቢያውንና የምስጋናውን ገጽ በስልኳ አንሥታ ልካልኛለች። የመታሰቢያው ገጽ ላይ የእሷ ስም አለ፤ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሦስቱን ገጽ በቦታቸው አስገብቼ መጽሐፉን ባለፈው ወር መልሼ አውጥቼዋለሁ፤ አሁን 214 ገጽ ሆኗል።